ፒክልቦልን ለመጀመር፦ ሜዳው፣ ሕጉ፣ የመጀመሪያዎቹ ምቶችና ወጪው

ፒክልቦልን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው በአብዛኛው በዚያው ቀን ኳሷን ከመረቡ በላይ ማመላለስ ይችላል፤ ራኬቱ አጭርና ቀላል ነው፣ ኳሷ ቀዳዳ የበዛባት ፕላስቲክ በመሆኗ አየሩ ያዘገያታል፣ ሜዳውም ጠባብ ስለሆነ ብዙ መሮጥን አይጠይቅም። ጀማሪን ወደ ጨዋታው የሚስበው ይህ ቅለት ነው፤ ብዙዎችን ለወራት ባሉበት የሚያስቀራቸውም ይኸው ቅለት ነው፤ ኳስ ማሻገር ስለቻሉ ብቻ ጨዋታውን የቻሉት ይመስላቸዋልና። ከዚያ በኋላ መሸነፍ ሲደጋገምባቸው የጎደላቸው ኃይል ወይም የተሻለ ራኬት መስሎ ስለሚታያቸው፣ ይበልጥ ጠንክረው ወደ መምታትና ገንዘብ ወደ ማውጣት ያዘነብላሉ። በእኔ እምነት ጀማሪ ሊማረው የሚገባው ከዚህ ተቃራኒ የሆነውን ነው፤ ይኸውም ኳስን አለዝቦ መምታት፣ ወደ መረቡ ቀርቦ በትዕግሥት መቆም፣ ገንዘብንም ለዕቃ ከማዋል ይልቅ በሜዳ ላይ ለሚያልፈው ሰዓት ማዋል ነው።

ጨዋታው የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት በምትገኘው የቤይንብሪጅ ደሴት ነው። ጆኤል ፕሪቻርድና ቢል ቤል በበጋ ዕረፍት ላይ ሳሉ ሥራ ፈተው የተሰላቹ ቤተሰቦቻቸውን ለማጫወት ባድሜንተን ሊያዘጋጁ አስበው የተሟላ ዕቃ ስላላገኙ፣ በባድሜንተን ሜዳ ላይ የጠረጴዛ ቴኒስ ራኬትና ቀዳዳ ያላት የፕላስቲክ ኳስ ይዘው ጀመሩ፤ ኳሷ በደንብ እንደምትነጥር ሲያዩም መረቡን ዝቅ አደረጉት። ባርኒ ማካለም የተባለው ወዳጃቸው ብዙም ሳይቆይ ተቀላቅሏቸው ሦስቱ በአንድነት ሕጎቹን አወጡ። ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለጀማሪ የሚጠቅም አንድ ነገር ስላለበት ነው፤ የፒክልቦል ሜዳ ልክ እስከ ዛሬ ድረስ ከባድሜንተን የጥንድ ጨዋታ ሜዳ ልክ ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ የባድሜንተን ሜዳ ባለበት ሁሉ ፒክልቦልን መጫወት ይቻላል።

ሜዳውና ኩሽናው

ሜዳው 13.41 ሜትር ርዝመትና 6.10 ሜትር ስፋት አለው፤ በቆዳ ስፋት ሲታይ የቴኒስ የጥንድ ሜዳን አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ለነጠላም ሆነ ለጥንድ ጨዋታ የሚያገለግለው ይኸው አንድ ልክ ነው። መረቡ በጎንና በጎን 91.4 ሴንቲ ሜትር፣ መሐል ላይ ደግሞ 86.4 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይኖረዋል። ከመረቡ በግራና በቀኝ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ቡድን በኩል፣ 2.13 ሜትር ድረስ ያለው ስፍራ ተጫዋቾች ‘ኪችን’ የሚሉት ነው፤ እኔም ከዚህ በኋላ ኩሽና እለዋለሁ። ከኩሽናው መስመር ጀምሮ እስከ ኋላው መስመር ያለው 4.57 ሜትር ቦታ በመሐል መስመር ለሁለት ተከፍሎ የቀኝና የግራ የሰርቪስ፣ ማለትም ምልልሱን የሚያስጀምረው ምት፣ መቀበያ ይሆናል።

ከሕጎቹ ሁሉ ጨዋታውን ራሱን የሚያደርገው የኩሽናው ሕግ ስለሆነ በእሱ ላይ ቆም ማለት ተገቢ ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ተጫዋች በኩሽናው ውስጥ ወይም በመስመሩ ላይ ቆሞ መሬት ያልነካችን ኳስ በአየር ላይ ሊመታ አይችልም። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ሲሰሙ ወደ ኩሽናው መግባት ጭራሽ የተከለከለ ይመስላቸዋል፤ እንደዚያ አይደለም። ኳሷ መሬት ነክታ ከነጠረች ገብቶ መምታት ይፈቀዳል፤ ተጫዋቹ ከፈለገ ኳስ ሳይመጣም ገብቶ መቆም ይችላል። የተከለከለው በአየር ላይ መምታት ብቻ ነው። በሌላ በኩል ግን ክልከላው ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ጥብቅ ነው፤ ከመስመሩ ኋላ ቆመው ኳሷን በአየር ላይ ከመቱ በኋላ የሰውነትዎ ግፊት ወደ ፊት ገፍቶ አንድ እግርዎን በመስመሩ ላይ ቢያሳርፈው፣ ኳሷ በዚያ ጊዜ በተቃራኒው ወገን ሞታ ብትገኝ እንኳ ጥፋት ይቆጠራል። በምቱ ግፊት ከራስዎ ላይ የወደቀ ኮፍያ ወይም መስመሩን የነካ ራኬት እንኳ እንዲሁ ነው። ወደ ኩሽናው ገብተው ከነበረም በአየር ላይ ከመምታትዎ በፊት ሁለቱም እግሮችዎ ወጥተው ከመስመሩ ውጭ መሬት መርገጥ አለባቸው።

ይህ ጥብቅነት ምክንያት አለው። መረቡ ዝቅተኛ ነው፤ ሕጉ ባይኖር ኖሮ ቁመት ያለው ተጫዋች መረቡ ሥር ቆሞ የመጣችለትን ኳስ ሁሉ ከላይ ወደ ታች በመደብደብ ጨዋታውን በአንድ ምት ይጨርሰው ነበር። ኩሽናው ግን ሁሉንም ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ስለሚያቆም፣ በለዘብታ ተመትታ ከመረቡ በላይ ዝቅ ብላ አልፋ በኩሽናው ውስጥ የምታርፍ ኳስ ለማንም ልትደበደብ አትችልም። ኳስን እንዲህ አድርጎ ማሳረፍ የቻለ ሰው ዕድሜው የገፋም ቢሆን ከጉልበተኛ ወጣት ጋር በእኩልነት መጫወት ይችላል፤ ይህን ጨዋታ እንድወደው ካደረጉኝ ነገሮች ቀዳሚው ይህ ነው።

ሰርቪስና ሁለቱ ንጥሮች

ሰርቪስ የሚመታው ከኋላው መስመር ውጭ ሆኖ ወደ ሰያፍ ነው። ኳሷ በምትመታበት ቅጽበት ቢያንስ አንድ እግር መሬት ላይ መሆን፣ የትኛውም እግር ደግሞ ሜዳውን ወይም መስመሩን አለመንካት አለበት። ኳሷ የኩሽናውን መስመር አልፋ በሰያፉ መቀበያ ውስጥ ማረፍ ይኖርባታል፤ በጎኑ፣ በኋላው ወይም በመሐሉ መስመር ላይ ብታርፍ እንደ ገባች ይቆጠራል፣ በኩሽናው መስመር ላይ ካረፈች ግን ጥፋት ነው። የተሰጠው ሙከራ አንድ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ መረቡን ነክታ በትክክለኛው ቦታ ያረፈች ሰርቪስ አትደገምም፤ ጨዋታው ይቀጥላል።

ሰርቪስን በሁለት መንገድ መምታት ይቻላል። በአንደኛው፣ ከእጅ የወጣችው ኳስ መሬት ሳትነካ ክንድ ከታች ወደ ላይ እየተነሣ ከወገብ በታች ትመታለች፤ የራኬቱም ራስ ከእጅ አንጓ በላይ ከፍ ሊል አይገባም። በሁለተኛው፣ ኳሷ ሳትገፋና ሳትወረወር ከእጅ ተለቃ መሬት ነክታ ከነጠረች በኋላ ትመታለች፤ በዚህኛው ስለ ወገብና ስለ አንጓ የተነገሩት ገደቦች አይሠሩም። ለጀማሪ ሁለተኛውን እመክራለሁ፤ አእምሮው በሕጉ ሳይጨነቅ ኳሷን ወደ ጥልቅ፣ ማለትም ወደ ተቃራኒው የኋላ መስመር አቅርቦ፣ መምታት ላይ ብቻ ሊያተኩር ይችላልና።

ከሰርቪስ ቀጥሎ የሚመጣው የሁለቱ ንጥሮች ሕግ ነው። ተቀባዩ ሰርቪሱን መሬት ከነካ በኋላ ብቻ ይመታል፤ ሰርቪስ የመታው ወገንም የተመለሰችለትን ኳስ መሬት ሳትነካ ሊመታት አይችልም። ከእነዚህ ሁለት ንጥሮች በኋላ ኳሷን በአየር ላይም ሆነ ከንጥር በኋላ መምታት ይፈቀዳል። በዚህ ሕግ የተነሣ ሰርቪስ የመታው ቡድን ወዲያው ወደ ፊት ሊሮጥ አይችልም፤ መጀመሪያ ወደ መረቡ የመቅረብ ዕድል የሚያገኘው ተቀባዩ ነው። ጀማሪ አዘውትሮ የሚፈጽመው ስሕተት ሰርቪስ ከመታ በኋላ በደስታ ሁለት እርምጃ ወደ ሜዳው መግባቱ ነው፤ ጥልቅ ሆና የተመለሰች ኳስ እግሩ ሥር ታርፍና መላው ይጠፋዋል። ሰርቪስ ከመቱ በኋላ እርስዎም አጋርዎም ከኋላው መስመር አካባቢ አይነሡ።

ነጥብ አቆጣጠር

በተለመደው አቆጣጠር ነጥብ የሚያገኘው ሰርቪስ የያዘው ወገን ብቻ ነው፤ ጨዋታው 11 ነጥብ ላይ ያበቃል፣ ነገር ግን አሸናፊው በሁለት ነጥብ መብለጥ አለበት። በአንዳንድ ውድድሮች እስከ 15 ወይም እስከ 21 ይጫወታሉ።

በጥንድ ጨዋታ ጀማሪዎችን የሚያደናግራቸው ከሰርቪስ በፊት ድምፅን ከፍ አድርጎ የሚጠሩት ሦስት ቁጥሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሰርቪስ የያዘው ቡድን ነጥብ፣ ሁለተኛው የተቀባዩ ቡድን ነጥብ፣ ሦስተኛው ሰርቪስ የሚመታው ሰው በዚያ ተራ ከቡድኑ አንደኛው ወይም ሁለተኛው መሆኑን የሚናገር ነው። ‘አራት፣ ሁለት፣ አንድ’ ሲባል እኛ አራት፣ እናንተ ሁለት፣ እኔ አንደኛው መቺ ነኝ ማለት ነው። አንደኛው መቺ ምልልሱን ሲሸነፍ ሰርቪሱ ወደ አጋሩ ይተላለፋል፤ አጋሩም ሲሸነፍ ወደ ተቃራኒው ቡድን ይዞራል። ጨዋታውን የሚጀምረው ቡድን ብቻ ብልጫ እንዳያገኝ ሲባል በመጀመሪያው ተራው አንድ መቺ ብቻ ይፈቀድለታል፤ እሱም እንደ ሁለተኛው መቺ ስለሚቆጠር የመጀመሪያው ጥሪ ‘ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሁለት’ ነው።

መቺው ነጥብ ባገኘ ቁጥር ከአጋሩ ጋር ቦታ ይለዋወጣል፤ ተቀባዮቹ ግን ባሉበት ይቆያሉ። ማን የት መቆም እንዳለበት ሲጠፋብዎ የሚያድን አንድ ዘዴ አለ፤ የቡድንዎ ነጥብ ሙሉ ቁጥር፣ ማለትም ዜሮ፣ ሁለት፣ አራት እያለ ሲሆን፣ ጨዋታውን በቀኝ በኩል የጀመረው ተጫዋች በቀኝ ይገኛል፤ ጎደሎ ሲሆን ደግሞ በግራ ይገኛል። ስለዚህ በጨዋታው መጀመሪያ ማን በቀኝ እንደ ነበረ ብቻ ማስታወስ ይበቃል። ነጠላ ጨዋታ ከዚህ የቀለለ ነው፤ ሁለት ቁጥር ብቻ ይጠራል፣ ነጥብዎ ሙሉ ከሆነ ከቀኝ፣ ጎደሎ ከሆነ ከግራ ይመታሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊሠሩ የሚገባቸው ምቶች

ራኬቱን ሰውን እንደሚጨብጡ አድርገው ይያዙት፤ አጨባበጡም ላላ ያለ ይሁን። እጅ በጠበቀ ቁጥር ኳሷ ከራኬቱ ላይ እየፈነጠረች ትሄዳለች፤ ላላ ሲል ግን ራኬቱ የኳሷን ፍጥነት ይውጣል። ኳስ በሚጠብቁበት ጊዜ ጉልበትዎን ዕጥፍ አድርገው ራኬቱን ከደረትዎ ፊት ያቁሙት፤ መረቡ አጠገብ ኳስ ስትመጣ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ የነበረን ራኬት ለማንሣት ጊዜ አይኖርም።

አንድ ምልልስ ሊኖረው የሚገባው መልክ በጥቅሉ እንዲህ ነው። ሰርቪሱ ጥልቅ ይሁን፤ ኃይል ሳይሆን ወደ ኋላው መስመር መቅረቡ ነው ተቀባዩን የሚይዘው። ተቀባዩም እንዲሁ ጥልቅና ከፍ ያለች ኳስ መልሶ፣ ኳሷ በአየር ላይ ሳለች ወደ ኩሽናው መስመር ይራመድ። አሁን ሰርቪስ የመታው ቡድን ከኋላ፣ ተቃራኒው ደግሞ ከፊት ይገኛል፤ ሦስተኛው ምት የሚከብደውም ለዚህ ነው። ኃይል አክለው ቢመቱ ፊት የቆመው ሰው ያግድብዎታል። የሚሻለው ኳሷን ከመረቡ ጥቂት ከፍ አድርጎ አሻግሮ በኩሽናው ውስጥ በለዘብታ ማሳረፍና በዚያው ጊዜ ወደ ፊት መራመድ ነው። ይህ ምት ብዙ ልምምድ የሚጠይቅ ስለሆነ በአንድ ወር ካልመጣልዎ አይዘኑ። አራቱም ተጫዋቾች በኩሽናው መስመር ላይ ሲደርሱ ደግሞ ‘ዲንክ’ የሚባለው ለስላሳ ምት ይጀመራል፤ ኳሷ ከአንዱ ኩሽና ወደ ሌላው እየዞረች አንዱ ወገን ሳያስብ ከፍ አድርጎ እስኪመታት ድረስ ትቆያለች። ከፍ ያለችዋን ኳስ የማጥቃት ጊዜ የሚመጣው ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት ማጥቃት ነጥብን ለተቃራኒ አሳልፎ እንደ መስጠት ነው።

ዲንክን ለመለማመድ አንድ አጋርና ግማሽ ሜዳ ይበቃል። በኩሽናው መስመር ላይ ፊት ለፊት ቁሙና ሳይቋረጥ ሃያ ጊዜ ለማመላለስ ሞክሩ፤ ይህ ሲሳካላችሁ በሰያፍ አድርጉት፤ ቀጥሎ አንዳችሁ ባለበት ሆኖ ሌላው በየጥቂቱ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ኳሷን ወደ ኩሽናው ይጣላት። ሦስተኛውን ምት ለመማር ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። አጋር የሌለው ሰው ደግሞ ግድግዳ ላይ 91 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ መስመር አስምሮ ከመስመሩ ጥቂት ከፍ እያደረገ መምታት ይችላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ራኬትና ኳስ ብቻ ነው።

በመሐል የምትመጣን ኳስ ማን ይምታት የሚለውን ከአጋርዎ ጋር አስቀድመው ይስማሙ፤ በተለምዶ ቀኝ እጁ ወደ መሐል የሆነው ተጫዋች ይወስዳታል፤ ሁለታችሁም ‘የኔ!’ ወይም ‘ያንተ!’ ማለትን ከመጀመሪያው ቀን ልመዱ። ከራስ በላይ ለምታልፍ ኳስ ወደ ኋላ እየተራመዱ መሄድ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሚዛንን ስቶ በጀርባ መውደቅ ክፉ ጉዳት ያስከትላል። ዞር ብለው ይሩጡ ወይም ኳሷን ይተዉአት። ከሌላ ሜዳ ኳስ ተንከባልላ ስትገባም ‘ኳስ!’ ብሎ ጮኾ ጨዋታውን ማቆም የሁሉም ግዴታ ነው፤ ኳስ የረገጠ እግር አንጓው ይጠመዘዛል።

ወጪው

ወጪን አንድ ጊዜ በሚከፈልና በየጊዜው በሚመላለስ ከፍሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ጀማሪዎች የሚጨነቁት ስለ ፊተኛው ቢሆንም በዓመቱ መጨረሻ የሚበልጠው ብዙ ጊዜ የኋለኛው ነው።

በራኬት እንጀምር። በዋጋ ዝቅተኛው ከእንጨት የተሠራው ነው፤ ክብደቱ እጅን ስለሚያደክም ለመቅመስ ያህል ካልሆነ አልመክረውም። ከዚያ በላይ ያሉት በውስጣቸው እንደ ማር እንጀራ የተከፋፈለ የፕላስቲክ አካል፣ በላያቸው ደግሞ የፋይበር ግላስ ወይም የካርቦን ፋይበር ልባስ አላቸው፤ ከፋይበር ግላስ ወደ ካርቦን ሲሄድ ዋጋው በአብዛኛው ይጨምራል። ክብደታቸው ከ200 እስከ 240 ግራም አካባቢ ነው፤ በሕጉ መሠረት ርዝመቱና ስፋቱ ሲደመሩ ከ60.96 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለባቸውም። ውዱ ራኬት ኳስን የማሽከርከር አቅሙ ይበልጣል፤ ይህን አቅም ለመጠቀም ግን አስቀድሞ የተስተካከለ ምት ያስፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ በውሰት ይጫወቱ፤ ከዚያ መካከለኛ ዋጋ ያለውን ይግዙ፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ የተለያዩ ሰዎችን ራኬት ሞክረው ለእጅዎ የሚስማማውን ክብደትና የእጀታ ውፍረት ሲያውቁ የተሻለውን ለመግዛት ያን ጊዜ ያስቡ።

ጫማ ላይ ግን አይቆጥቡ። የሩጫ ጫማ ሶሉ ከፍና ለስላሳ ሆኖ ወደ ፊት ለመሄድ የተሠራ ስለሆነ፣ ወደ ጎን ድንገት ሲታጠፉበት እግርን ያጋድላል። የቴኒስ ወይም ለቤት ውስጥ ሜዳ የሚሆን፣ ጎኑ ጠንካራ የሆነ ጫማ ካለዎት አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ከራኬትና ከጫማ አንዱን ብቻ ለመግዛት አቅም ያለው ሰው ጫማውን ይግዛ፤ ራኬት መዋስ ይቻላል፣ ቁርጭምጭሚት ግን አይዋስም።

ኳስ ርካሽ ቢሆንም ያልቃል። ከቤት ውጭ የሚጫወቱባት ብዙውን ጊዜ 40 ትናንሽ ቀዳዳዎች ያሏትና ጠንከር ያለች ናት፤ በተለይ በብርድ ወቅት ትሰነጠቃለች። የቤት ውስጧ 26 ሰፋፊ ቀዳዳዎች አሏት፤ ለስለስ ያለች በመሆኗ ከመሰንጠቅ ይልቅ ቅርጿን እያጣች ትሄዳለች። ኳስን በጅምላ ገዝቶ በቡድን መካፈል ወጪውን ከቁጥር የማይገባ ያደርገዋል።

እውነተኛው ወጪ የሜዳ ኪራይ ነው። ነጻ ሜዳ ያገኘ ሰው ከዚህ በላይ ከተጠቀሱት ሌላ የሚያወጣው እምብዛም የለም። ለሚከራይ ሰው ግን ስሌቱ እንዲህ ይሠራል፤ እስከ 11 የሚካሄድ የጥንድ ጨዋታ እንደ ነገሩ ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ይወስዳል፣ በመሆኑም በአንድ ሰዓት ሦስት ያህል ጨዋታ ይጠናቀቃል። አራት ሰዎች ከተከራዩ እያንዳንዱ ሩቡን ይከፍላል፣ ሙሉ ሰዓቱንም ይጫወታል። ስድስት ሆነው እየተፈራረቁ ቢጫወቱ እያንዳንዱ ስድስተኛውን ከፍሎ የሰዓቱን ሁለት ሦስተኛ ይጫወታል፤ ለተጫወተበት ደቂቃ የሚከፍለው አይለወጥም፤ በየቀኑ ከኪሱ የሚወጣው ግን ይቀንሳል፣ ዕረፍትም ያገኛል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት የሚጫወት ሰው በዓመት 200 ሰዓት ያህል በሜዳ ላይ ይውላል፤ የአንድ ሰዓት ድርሻዎን በ200 አባዝተው ከራኬቱ ዋጋ ጎን ቢያስቀምጡት ቁጠባው የት ላይ መሆን እንዳለበት በግልጽ ይታይዎታል። ሥልጠናንም በዚሁ ሚዛን ይመልከቱት፤ ለብዙዎች በቡድን የሚሰጥ የሁለት ወይም የሦስት ቀን ትምህርት ሕጉንና የአቋቋም ሥርዓትን ለመያዝ ይበቃል። የግል አሠልጣኝ ዋጋ የሚያወጣው እርማት የሚያስፈልገው የተለየ ምት ሲኖርዎት ነው። የውድድር መመዝገቢያ፣ የማኅበር አባልነትና በይፋ የጸደቀ ራኬት ለመወዳደር ለወሰነ ሰው የሚመጡ ወጪዎች ስለሆኑ ጀማሪ ከአሁኑ ሊያስብባቸው አይገባም።

ኪራይን ፈጽሞ ለማስቀረት የሚሻ ቡድን 18.3 በ9.1 ሜትር የሚሆን ጠንካራና ደልዳላ ስፍራ ካገኘ የራሱን ሜዳ ማስመር ይችላል። ተነቃቃይ መረብ በጋራ መግዛት ወይም የባድሜንተንን መረብ በተገቢው ከፍታ ዝቅ አድርጎ መወጠር ይቻላል፤ ለመስመሩም ጠመኔ ወይም ወለል የማይጎዳ ማጣበቂያ ይበቃል። አራቱን ማዕዘኖች ከለኩ በኋላ ሁለቱን ሰያፎች ይለኩ፤ ሁለቱም 14.73 ሜትር ከሆኑ ማዕዘኖቹ ቀጥ ብለዋል፣ ካልሆኑ ግን ሜዳው ተጣሟል ማለት ነው። መረቡን በመሐል ከወጠሩ በኋላ ከሥሩ ጀምረው በሁለቱም በኩል 2.13 ሜትር ይለኩና፣ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነው የመስመሩ ስፋት በዚሁ ልክ ውስጥ እንዲገባ አድርገው የኩሽናውን መስመር ያስምሩ፤ የመሐሉም መስመር ከዚያ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ኩሽናውን ግን አያቋርጥም።